ተሸላሚው ይናገር

መጻሕፍቱ ቆቦ የገቡት ማክሰኞ ጧት፣ ባዶ የሽንኩርት ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ነው። አርባ ነበሩ። በየአገራቸው ለልጆችና ለታዳጊዎች ከተጻፉት መካከል ተመርጠው የተሸለሙ፣ ወደ አማርኛ ተተርጉመው አዲስ አበባ የታተሙ። ከሹፌሩ ጋር አውርደን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ስንደረድራቸው ሁሉም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸቱ ነበር።

እኔን በአሥራ ሁለት ዓመቴ አጎቴ ኖርዌይ ወሰደኝ። እዚያው ተማርኩ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ለጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም ገና አላወቅሁም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት «ምትኩ ውጭ ተምሮ የመጣ ነው» ብሎ በትምህርት ቤቱ የንባብ ክፍል እንዳቋቁም መደበኝ። ከአርባዎቹ መጻሕፍት አንዱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «የሸሸው ጉድጓድ» ይባላል። ስድሳ ገጽ ነው፣ ግማሹ ሥዕል። የአንድ መንደር ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ እያስገባ ይጮኽበታል፤ የራሱን ድምፅ መልሶ ለመስማት ብቻ። ጉድጓዱ አንድ ቀን ይሰለቸውና መንደሩን ጥሎ ይሄዳል። አንዲት ልጅ የውኃ መቅጃ ገመዷን ይዛ ፍለጋ ትወጣለች።

መጽሐፉ ከካርቶን እንደወጣ ራቢያ ወሰደችው። ራቢያ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ መይሙና ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቲማቲም ትሸጣለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደሴ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፣ እዚያ ልትማር። እስከ ክረምት አትመለስም።

«ጋሼ ምትኩ፣ ሳልሄድ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ።

«እንኳን እስከ ቅዳሜ፣ ለምሳ ሳትወጪ ትጨርሺዋለሽ።»

አልጨረሰችም። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ገጽ አርባ ስድስት ስትደርስ አቶ አበባው መጡ።

አቶ አበባው የጽሕፈት ቤቱ መርሐ ግብር አስተባባሪ ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። በእጃቸው መጻሕፍቱን የላከው ማኅበር የጻፈውን ደብዳቤ ይዘዋል። አንዱን ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አሥምረውበታል፦ «አርባ ተሸላሚ መጻሕፍት የላክን ስለሆነ ተገቢው አቀባበል እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«ምትኩ፣ ካርቶኑን ማን ከፈተው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«ከሽልማቱ በፊት?»

«የምን ሽልማት?»

«የእነሱ ነዋ!»

«ተሸልመው እኮ ነው የመጡት።»

አቶ አበባው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ አማርኛው ትንሽ ርቆብሃል። ተመራቂ ማለት ማን ነው? የተመረቀ ነው የሚመረቅ?»

«የሚመረቅ።»

«ከተመረቀ በኋላስ ምን ይባላል?»

«ምሩቅ።»

«አየህ! ተሸላሚ ማለትም የሚሸለም ነው። አንዴ የተሸለሙ ቢሆኑ ‹የተሸለሙ› ብለው ይጽፉ ነበር፣ ፊደል አልቸገራቸው። የሚሸለሙ ልከንላችኋል ነው የሚሉት። ሸላሚው ማን ነው ታዲያ? እኛ ነና።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአማርኛ የራቀ ሰው በአማርኛ ሲረቱት ዝም ይላል። ተሸላሚ፣ ተከራካሪ፣ ተሸናፊ እያልኩ በልቤ ቃላቱን ሳገላብጥ፣ ሰውየው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ ገባኝ።

አቶ አበባው ግን ወደ ኒሙ ሄደው ለራቢያ እጃቸውን ዘርግተውላታል። «ልጄ፣ ተሸላሚ መድረክ ላይ ሳይወጣ በየሰው እጅ አይንገላታም።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ቅዳሜ ጧት ይሸለማል። ከዚያ በኋላ መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በፈለግሽ ሰዓት መጥተሽ ታዪዋለሽ።»

«ጉድጓዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

«የቱ ጉድጓድ?»

ራቢያ መጽሐፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጣቷን ከገጽ አርባ ስድስት ላይ ያወጣችው እሳቸው መጽሐፉን ሲስቡት ነው። አሳዘነችኝና «መጨረሻውን ልንገርሽ» አልኳት።

«እንዳትነግረኝ!» ሁለቱን ጆሮዎቿን ያዘች። «ወላሂ እንዳትነግረኝ። ራሴ ነኝ የማነበው።»

ረቡዕ ቅጹ መጣ። የተሸላሚ መግለጫ ቅጽ ይባላል፤ ለአርባዎቹም አርባ። ስም ከነአያት፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ።

«አያት እኮ የላቸውም» አልኩ።

«ደራሲው አባት፣ አሳታሚው አያት» አሉ አቶ አበባው ሳያመነቱ። ከእኔ ቀድመው አስበውበታል ማለት ነው።

«የትምህርት ደረጃስ?»

«የሸሸው ጉድጓድ»ን ገለበጡት። ጀርባው ላይ «ከ9 እስከ 12 ዓመት» ይላል። «ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛ ደረጃ» ብለው ጻፉ። «ጥሩ ተምሯል።»

የጋብቻ ሁኔታ ላይ እሳቸውም ቆም አሉ። ሠላሳ ስምንቱን ያላገቡ አልናቸው። በሁለት ጥራዝ የወጣ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነበር፤ ሁለቱን ጥራዞች ባለትዳር ብለን ሞላንና በዝግጅቱ ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ተስማማን። «ተስማማን» ያልኩት እያፈርኩ ነው። ቅጹን በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ተሸላሚ ደግሞ ጋቢ ይለብሳል። የተገኘው አንድ ጋቢ ብቻ ስለነበር በየተራ እንዲለብሱ፣ ፎቶ እንዲነሱና ለቀጣዩ እንዲለቁ ተወሰነ።

በእነዚህ ቀናት ራቢያ ከትምህርት ስትወጣ የዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ ትመጣለች። ተደርድረው የተቀመጡትን መጻሕፍት አይታ፣ የእሷን ለይታ፣ ትሄዳለች። ሐሙስ ዕለት ግን እዚያው እንደቆመች አቶ አበባው የመርሐ ግብሩን ወረቀት እያውለበለቡ ገቡ።

«ተራ ቁጥር ሰባት ጉድ አደረገኝ!»

ወረቀቱን አየሁት። ተራ ቁጥር ሰባት «በተሸላሚዎች ተወካይ የሚደረግ ንግግር» ይላል። ካለፈው ዓመት የሞዴል አርሶ አደሮች ሽልማት ላይ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው።

«ይሰረዛ» አልኩ።

«ማኅተም ተመትቶበታል። ለእንግዶችም ተበትኗል። አሁን ብሰርዘው ተሸላሚው ሐሳቡን እንዳይገልጽ ተከለከለ አይባልም?»

«ጋሼ አበባው» አለች ራቢያ ከመስኮቱ። «መጽሐፍ የሚናገረው ሲነበብ አይደል?»

ሁለታችንም ዞርን።

«እና?» አሉ አቶ አበባው።

«እኔ ላናግረዋ።»

«የትኛውን?»

«ጉድጓዱን። ከገጽ አርባ ሰባት ጀምሬ።»

«ንግግር ከመሀል ይጀመራል እንዴ?»

«መጀመሪያውን እኮ ለእኔ ነግሮኛል።»

አቶ አበባው እንደተፈረደለት ሰው ተነፈሱ። «አምስት ደቂቃ» አሉ፤ እስክሪብቷቸውንም አወጡ። «ስምሽን ከነአያትሽ ንገሪኝ።»

ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ አናት ተነሥታ ግቢውን ማጋየት ጀምራለች። የትምህርት ቤቱ ወንበሮች በጦርነቱ ጊዜ ስለጠፉ ከዕድር አርባ ወንበር በውሰት መጥቷል። አርባዎቹ ላይ አርባ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በእያንዳንዳቸው ፊት አንዳንድ የታሸገ ውኃ ቆሟል። እንግዶቹ ድንኳን ሥር ሶፋ ላይ ናቸው። ልጆቹ ከኋላ፣ ከገመድ ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ከልጆቹም ኋላ ገበሬዎች አሉ፤ ሽልማት አለ ሲባል ሰምተው የገበሬ ሽልማት መስሏቸው ከየቀበሌው የመጡ።

ከመካከላቸው በድረዲን የሚባሉ አንድ አዛውንት እግራቸው ዝሎ ወንበር ሊስቡ ሲሉ የሥርዓት አስከባሪው ደረሰባቸው።

«አባቴ፣ የተያዘ ነው።»

«በማን ተያዘ?»

«በመጽሐፍ።»

በድረዲን ወንበሩ ላይ ያለውን መጽሐፍ ጎንበስ ብለው አዩት። ሽፋኑ ላይ መነጽር ያደረገች ዝይ ተሥላለች። «ይቅርታ» አሏትና ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሶፋው ላይ ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ አቶ አርአያ ናቸው፤ «ምንጭ ለሁሉ» የተባለው የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ። የመጡት ለፎቶ ነው። ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ስድስት ስልካቸውን ሲነካኩ ቆዩ።

ተራ ቁጥር ሰባት ደረሰ። ራቢያ አዲሱን የመንገድ ልብሷን ለብሳ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ጣቷን ገጽ አርባ ሰባት ላይ አኖረች።

«‹ልጅቷ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ ከመንደር መንደር ዞረች› ...» ድምፅ ማጉያው ፉጨት አወጣ። «‹ጉድጓዳችን ጠፍቷል፣ ያየ አለ? አለች። ሰዎቹም፣ በእኛ በኩል አላለፈም አሏት።›»

ከኋላ አንድ ምርኩዝ ተነሣ።

«ወላሂ የእኛ ነው!» አሉ በድረዲን። «አሥራ አንድ ቁጥር የመስኖ ጉድጓድ! ሞተሩ ተቃጠለ ተብሎ ለጥገና ከተወሰደ ዓመት ሊሞላው ነው። በየሄድንበት በእኛ በኩል አላለፈም ነው የሚሉን!»

«እውነት ነው!» አሉ ገበሬዎቹ። «ልጅቷ አትቋረጥ!»

አቶ አበባው ማይክሮፎኑን ሊይዙ ሲሉ አቶ አርአያ ቀድመው ተነሥተዋል። በስብሰባ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጉድጓድ የሚል ቃል ከተነሳ ሳይጠየቁም መልስ ይሰጣሉ። «እዚህ ላይ ማብራሪያ ላስቀምጥ። ተሸላሚው ያነሡት ሐሳብ ተገቢ ነው። ማኅበራችን ጉዳዩን ያውቀዋል። በሂደት ላይ ነው።»

አቶ አበባውም ሃያ ዓመት ስብሰባ መርተዋል። አፋቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ «ተሸላሚው በምላሹ ረክቷል ወይ?» አሉ።

ራቢያ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ገጽ ገለጠች።

«‹አልገባኝም፣ አለች ልጅቷ። ይህንኑ ከትናንት ወዲያም ብላችሁኛል።›»

ጭብጨባው ከነእልልታው ተነሣ። ፀሐይ የመታቸው ልጆች ምክንያቱ ባይገባቸውም እየዘለሉ አጨበጨቡ። አቶ አርአያ ላባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ እውነት እንደዚያ ይላል?»

«ይላል። ገጽ አርባ ዘጠኝ።»

«እሺ፣ በግልጽ እንነጋገር» አሉ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግተው፣ መጽሐፉን በቀጥታ እያዩ። «ሞተሩ ኮምቦልቻ ነው ያለው። መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው።»

«‹ስንት ቀን ልጠብቅ? አለች። ሽማግሌውም፣ ሦስት ቀን ቁጭ በይ አላት።›»

«ሦስት ቀን አይበቃም!» አቶ አርአያ እጃቸውን አወራጩ። «ሦስት ቀን የማይሆን ነገር ነው! አሥራ አምስት ቀን ስጡኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ሞተሩ ይገጠማል።»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር!» አሉ በድረዲን። ሰፈረም። ጸሐፊዋ «በተሸላሚውና በማኅበሩ ሰብሳቢ መካከል ስምምነት ተደርሷል» ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ራቢያ አንድ ዐረፍተ ነገር ባነበበች ቁጥር ጭብጨባ ነው። ጉድጓዱ ሲገኝ እልል ተባለ። ጉድጓዱ ሲናገር በድረዲን «አላሁ አክበር» አሉ። ከገጽ ሃምሳ አምስት ጀምሮ እኔ ራሴ የተረጎምኩትን ቃል ከጩኸቱ መለየት አቃተኝ። የመጨረሻዋን ቃል ስትጨርስ አቶ አርአያ ጋቢውን ይዘው መጥተው መጽሐፉ ላይ ደረቡበት። ጋቢው መጽሐፉንም የራቢያንም እጅ፣ ራቢያንም እስከ አንገቷ ዋጣቸው። ፎቶ ተነሱ። ጋቢው ወዲያው ተገፍፎ ወደ ቀጣዩ ተሸላሚ ሄደ።

የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ እስኪለብሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ ሁሉም መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ገቡ፤ ተቆለፈባቸው፤ አቶ አበባው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ከእንግዶቹ ጋር ለምሳ ሄዱ።

ራቢያን ልሰናበት በባጃጅ መናኸሪያ ስደርስ የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል። መይሙና በመስኮቱ በኩል በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ እያቀበለቻት ነው። ራቢያ ከአንዲት ጌጤ ከሚባሉ የወልድያ ነዋሪ ሴትዮ ጎን ተቀምጣለች፤ እሳቸው ናቸው ወልድያ ላይ የደሴ መኪና ሊያሳፍሯት የተስማሙት። ፊቷ ልክ አይደለም።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «ይኸው ጨረስሽው።»

«አልጨረስኩትም።»

«እንዴት?»

«አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም።» ዳቦውን ጭኗ ላይ አኖረች። «ቃሉ በአፌ ይወጣል፣ ጆሮዬ የሚሰማው ግን ጭብጨባ ነው። ጋሼ፣ ጉድጓዱ ተመለሰ?»

«አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል!» አለች መይሙና። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ያነበብሽው? አገር ሁሉ ሰማሽ እኮ!»

«እኔም እዚያ ነበርኩ» አሉ ጌጤ። «በአሥራ አምስት ቀን ይመለሳል ተብሏል።»

«እሱ የአቶ አርአያ ነው!» ራቢያ እንባዋ መጣ። «የመጽሐፉን ነው የምለው!»

ቁልፉ አቶ አበባው ኪስ ውስጥ ነው፤ አቶ አበባው ደግሞ የትኛው ሆቴል እንደገቡ አላውቅም። ሚኒባሱ ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«በቃ አንተው ንገረኝ» አለች። «ግን ቶሎ ቶሎ አትበል። ከገጽ አርባ ሰባት ጀምር።»

በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ዘልዬ ገባሁ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና «የት ነህ ወንድም?» አለ።

«ሮቢት» አልኩት፤ መንገዱ ላይ ቀጥላ ያለችው ከተማ ናት።

መቀመጫ ስለሌለ ሞተሩ ላይ ጀርባዬን ለመንገዱ፣ ፊቴን ለራቢያ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ። ልጅቷ ከመንደር መንደር ዞረች። ሽማግሌው ሦስት ቀን ቁጭ በይ አላት። ጉድጓዱን ያገኘችው ማንም ከማያልፍበት ሜዳ መሀል፣ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ነው። ገመዷን አላወረደችም። አልጮኸችበትም። ሦስት ቀን ዝም ብላ ጆሮዋን ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ «ያ ሁሉ ጩኸት የማን ነበር?» አላት። «የእኔም ነበረበት» አለችው።

ማሽላው በሁለት በኩል ወደ ኋላ ይሸሻል። ሚኒባሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም። ሮቢት ደረስን፤ ሹፌሩ «ሮቢት!» አለ፣ እንደገና «ሮቢት ያልከው!» አለ። በእጄ ወደ ፊት አመለከትኩት። ቀጠለ።

ልጅቷ ጉድጓዱን ተመለስ አላለችውም። ተነሥታ ብቻዋን ወደ መንደሯ ሄደች። መንገድ ላይ ከኋላዋ የሆነ ነገር ሲንቦጫረቅ ትሰማለች፣ ግን አትዞርም። መንደሯ ስትደርስ ድሮ ጉድጓዱ ከነበረበት ቦታ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፍና ገመዷን ለቀቀች።

«ገመዱም ረጠበ» አልኩ።

«በቃ?» አለች ራቢያ።

«በቃ።»

«ተመለሰ ማለት ነው።»

«ተመለሰ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። «ከዚያስ?» አለች። «የመንደሩ ሰው በማግሥቱ ሲያየው ምን አለው?»

«እሱን አይልም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው።»

«እሱን ሳይጽፉ ነው እንዴ የተሸለሙት?» አሉ ጌጤ።

ራቢያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ ስትመለስ ምን አሉህ?»

«ማን?»

«የሰፈር ሰው ነዋ። ከውጭ የመጣህ ቀን።»

አንድ ትልቅ ነገር ልነግራት ፈልጌ ነበር። ሳስታውሰው ግን ትልቅ ነገር የተናገረ ሰው አልነበረም። በር ላይ ተኮልኩለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ሻንጣዬን ተቀበሉኝ።

«‹ከሳህ› አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ‹ውይ ከሳህ፣ አያበሉህም ነበር እንዴ?› አሉኝ።»

ሳቋ አመለጣት። ቀጥላ ሳቋን አቁማ አሰበች፤ ግንባሯ ተሸበሸበ። «እሱንም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች። «ጉድጓዱን። አንገታቸውን አስገብተው ያዩትና፣ ‹ውይ ከስተሃል› ይሉታል። መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ውኃው ቀንሶ።»

«ይቆጡታል እንጂ!» አሉ ጌጤ። «ያን ያህል ሰው በውኃ ጥም አቃጥሎ!»

«ከስቶ ሲያዩት አይቆጡትም፣ እትዬ ጌጤ።»

«እኔ ብሆን እቆጣዋለሁ።»

«እሺ፣ እርስዎ ይቆጡት። ከዚያ ግን ይቀዱታል።»

ጌጤ ትንሽ አሰቡበት። «ታዲያ ውኃ ይጠላል?» አሉ። «ቀድቼማ እሄዳለሁ።»

ከሮቢት ቀጥላ ባለችው ጎብዬ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ከመንገዱ ማዶ ወደ ቆቦ የሚመለስ መኪና ስፈልግ ሚኒባሱ ሌላ ሁለት ሰው ጨምሮ ተነሣ። ራቢያ ግማሽ ሰውነቷን በመስኮቱ አወጣች፤ ጌጤ ቀሚሷን ይዘው ወደ ውስጥ ይስቧታል።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ጨረስኩት!»